ከማሽን እግር ሥር የሚገባው ሺም፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ስለ ከባድ ማሽኖች አተካከልና ስለ አላይመንት፣ ማለትም የተያያዙ ማሽኖችን ዘንጎች በአንድ መስመር ላይ ስለማዋል፣ ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ ከተሞች የደረሱን ደብዳቤዎች በአብዛኛው የሚያጠነጥኑት በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ይኸውም በማሽኑ እግርና በመቀመጫው መካከል የሚገባው ሺም ነው። ሺም ስንል፣ ብሎን የሚያሳልፍ ክፍት አፍ ያለውንና ውፍረቱ በሚሊሜትር መቶኛ የሚለካውን ጠፍጣፋ ስስ ብረት ማለታችን ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረን፣ የላኪዎቹን ስም ትተን አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር በአንድ የዱቄት ፋብሪካ የጥገና ክፍል ኃላፊ ነኝ። በደቂቃ 1500 ዙር ገደማ የሚዞር ሞተር በካፕሊንግ (ሁለት ዘንጎችን ፊት ለፊት በሚያገናኝ ማያያዣ) ተያይዞ የአየር መግፊያ ብሎወር ያንቀሳቅሳል። የሞተሩ ኩሺኔታ ቶሎ ቶሎ እየተበላ አስቸግሮናል። ከሞተሩ እግሮች ሥር ከአሮጌ በርሜል ላሜራና ከጣሳ ቆርቆሮ እየተቆረጡ የገቡ ቁርጥራጮች አሉ፤ በአንዱ እግር ሥር ብቻ ስምንት ያህል ይሆናሉ። ባልደረቦቼ «ብረት ያው ብረት ነው፤ ዋናው ከፍታው መድረሱ ነው» ይላሉ። ለመሆኑ የሺም ዓይነትና ብዛት ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል? ውፍረቱንስ በምን እንወስን?

መልስ፦ ለውጥ ያመጣል። ሆኖም ስለ ቁርጥራጮቹ ዓይነት ከመነጋገራችን በፊት ስምንት ቁርጥራጭ በአንድ እግር ሥር እንዴት ሊከማች እንደቻለ መመርመር ይሻላል፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለው ክምር ብዙውን ጊዜ የሚፈጠረው ክፍተቱ በአግባቡ ተለክቶ ሳይሆን፣ በየጥገናው ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ እየታየ «አንድ ጨምርበት» እየተባለ ነው።

አራት እግር ያለው ሞተር በአራቱም እኩል ላይረግጥ ይችላል። ባለ ሦስት እግር በርጩማ ጎርበጥባጣ ወለል ላይ እንኳ ሳይንገዳገድ ይቀመጣል፤ አራተኛ እግር ቢጨመርበት ግን ወለሉ ፍጹም ጠፍጣፋ ካልሆነ አንዱ እግር ይንጠለጠላል። በሞተር ላይ የሚታየው ልዩነት የተንጠለጠለውን እግር በብሎን አጥብቀን በግድ ወደ ታች የምናወርደው መሆኑ ነው። እግሩ በግድ ሲወርድ የሞተሩ አካል ይጣመማል፤ አካሉ ሲጣመም የኩሺኔታዎቹ ማረፊያ ከመስመር ይወጣል፤ በሚዞረውና በማይዞረው የሞተሩ ክፍል መካከል ያለው የአየር ክፍተትም በአንድ ወገን ይጠባል። በሙያተኞች ዘንድ ሶፍት ፉት የሚባለው ይህ ችግር ሳይወገድ አላይመንት መሥራት ከንቱ ድካም ነው፤ ዛሬ የተገኘው ልክ ነገ ብሎን በተነካ ቁጥር ይለወጣልና። ኩሺኔታ ያለ ጊዜው የሚበላባቸው ሌሎች ምክንያቶችም እንዳሉ አይካድም፤ በዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ግራሶው ከብናኝ ጋር መቀላቀሉ አንዱ ነው። ነገር ግን እርስዎ የገለጹትን ዓይነት ክምር ከእግሩ ሥር ያለ ሞተር ሲያጋጥም የመጀመሪያው ተጠርጣሪ እግሩ ነው።

በመሆኑም የሞተሩን የኤሌክትሪክ መስመር ዘግተው ማብሪያውን ይቆልፉ፤ ከዚያም የድሮውን ክምር በሙሉ አውጥተው የእግሮቹን ሥርና የመቀመጫውን ገጽ ከዝገት፣ ከቀለምና በዘይት ከረጋ ዱቄት ያጽዱ። በአራቱም እግሮች ሥር እኩል ውፍረት ያለው፣ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር የሚሆን አንድ አንድ ሺም አስገብተው ብሎኖቹን ያጥብቁ። ይህ ወፍራም ሺም አስቀድሞ የሚገባው፣ ኋላ ሞተሩ ዝቅ ማለት የሚኖርበት ቢሆን የሚቀነስ ነገር እንዲኖር ነው፤ ሞተሩ በመቀመጫው ላይ ያለ ሺም በቀጥታ ካረፈ ዝቅ የሚያደርጉት እግሩን በመላግ ብቻ ይሆናል። ቀጥሎ የዳያል ጌጁን፣ ማለትም ጥቃቅን እንቅስቃሴን በመርፌ የሚያሳየውን መለኪያ፣ ጫፍ በአንዱ እግር ላይ አሳርፈው ዜሮ ያድርጉትና የዚያን እግር ብሎን ብቻ ይፍቱ። መርፌው ከ0.05 ሚሊሜትር በላይ ከተንቀሳቀሰ እግሩ በደንብ አልረገጠም ማለት ነው። ንባቡን መዝግበው፣ ብሎኑን መልሰው አጥብቀው ወደሚቀጥለው እግር ይለፉ፤ ሁለት ብሎኖችን በአንድ ጊዜ መፍታት ንባቡን ያበላሸዋል።

ዳያል ጌጅ እግሩ ምን ያህል እንደሚነሳ ይናገራል እንጂ ክፍተቱ ምን ቅርጽ እንዳለው አይናገርም። ቅርጹን ለማወቅ ብሎኑ እንደተፈታ በእግሩ አራቱም ማዕዘኖች በፊለር ጌጅ (ውፍረታቸው በታወቀ ስስ የብረት ቅጠሎች ክፍተትን በሚለካ መሣሪያ) መለካት ያስፈልጋል። በአራቱም ማዕዘን 0.30 ሚሊሜትር ካገኙ ክፍተቱ ወጥ ስለሆነ በ0.30 ሚሊሜትር ሺም ይዘጋል። በሰያፍ የሚተያዩ ሁለት እግሮች ክፍተት ቢያሳዩ የሰፋውን ብቻ ሞልተው እንደገና ይለኩ፤ ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው አብሮ ይስተካከላል። ነገሩ የሚከብደው በውጭ በኩል 0.35፣ በውስጥ በኩል ግን 0.05 ሚሊሜትር ሲያገኙ ነው። ይህ እግሩ ወይም መቀመጫው ማዘንበሉን ያሳያል፤ እዚህ ላይ ወጥ የሆነ ባለ 0.35 ሺም ቢገባ እግሩን የሚነካው በውስጠኛው ጠርዝ ብቻ ስለሚሆን፣ ብሎኑ ሲጠብቅ ችግሩን ሳይፈታ ያባብሰዋል። ዘላቂው መድኃኒት እግሩን ወይም መቀመጫውን በፍሬዛ አስልጎ ማስተካከል ነው። ለዚህ ጊዜ እስኪገኝ ድረስ አንድ ባለ 0.05 ሺም ሙሉውን እግር እንዲሸፍን አድርጎ፣ በላዩ ሦስት ባለ 0.10 ሺሞችን ወደ ውጭኛው ጠርዝ እያሳጠሩ በደረጃ መደርደር ይቻላል።

አሁን ወደ ባልደረቦችዎ አባባል እንመለስ። በርሜል ላሜራና ጣሳ ለዚህ ሥራ የማይሆኑት በመናቃቸው አይደለም። የበርሜል ላሜራ ቀለም የተቀባ፣ ቀድሞ የታጠፈና የተቀጠቀጠ ስለሆነ ጠፍጣፋ አይደለም፤ ቀለሙም በሞተሩ ክብደትና በንዝረቱ እየተፈጨ ሲወጣ የጠበቀው ብሎን ይላላል። ተራ ብረት ሲዝግ ደግሞ ዝገቱ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ፣ እግሩን በአንድ ወገን ገፍቶ ያነሳዋል፤ በሐይቅ ዳር ከተማ በክረምት የማሽን ቤት ወለል እንዴት እንደሚረጥብ ለእርስዎ መንገር አያስፈልግም። ከለስላሳ መጠጥ ጣሳ የሚገኘው አሉሚኒየም ለስላሳ ስለሆነ በክብደት ይጨፈለቃል። ዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮም ልባጡ ወጥ ውፍረት ስለሌለው አይታመንም። ለከባድ ማሽን የሚመረጠው አይዝጌ ብረት፣ በተለይም 304 በሚል መለያ የሚታወቀው ነው። ነሐስ ለቀላልና ለትንንሽ ማሽኖች ያገለግላል፤ ከትልቅ ሞተር ሥር ግን ለእርስዎ አልመክረውም።

ስለ ብዛቱ፣ በአንድ እግር ሥር ከሦስት ሺም እንዳይበልጥ መጣር ይገባል፤ ግድ ከሆነ እስከ አምስት ይታገሡታል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ክምሩ በሙሉ ወጥቶ በአንድ ወፍራም ልግ ብረትና በአንድ ወይም በሁለት ስስ ሺሞች መተካት አለበት። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሁለት ብረቶች በተገናኙበት በእያንዳንዱ ገጽ መካከል ጥቂት ዘይት፣ ጥቂት ብናኝ ወይም በመቀስ ሲቆረጥ የቀረ ሹል ጠርዝ ይኖራል፤ ገጾቹ ሲበዙ ክምሩ እንደ ሞላ መለጠጥና መጨመቅ ይጀምራል። እርስዎ ያገኙት ስምንት ቁርጥራጭ ከእግሩና ከመቀመጫው ጋር ዘጠኝ የመገናኛ ገጾች አሉት ማለት ነው። ሲደረደሩም ስሱ በወፍራሞቹ መካከል ይቀመጥ፤ ከላይ ወይም ከታች ከሆነ ይጨማደዳል፣ ወይም ሞተሩ ወደ ጎን ሲገፋ ይቀደዳል።

ከሱቅ የተገዛ ሺም እንኳ የተጻፈበትን ውፍረት በትክክል ላይዝ ይችላል፤ በተለይ ወፍራሞቹ ላይ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። ስለዚህ እያንዳንዱን በማይክሮሜትር ለክተው ያገኙትን ቁጥር በጠርዙ ላይ ይጻፉ። ራስዎ ከአይዝጌ ላሜራ የሚቆርጡ ከሆነ ማዕዘኖቹን አክብበው፣ ጠርዞቹን በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው፣ መቀሱ ያጎበጠውን በጎማ መዶሻ አቃንተው ይጠቀሙ፤ በጠርዙ ላይ የቀረ የ0.03 ሚሊሜትር ሻካራ ባለ 0.10 ሺምን ባለ 0.13 ያደርገዋልና። ሺሙ የእግሩን አብዛኛውን ስፋት መሸፈን ይኖርበታል። ሲያስገቡት ብሎኑን እስኪነካ ድረስ ገፍተው ከዚያ 5 ሚሊሜትር ያህል ወደ ኋላ ይሳቡት፤ አለበለዚያ የብሎኑ ጥርስ የሺሙን አፍ ነክሶ ያነሳዋል።

ጥያቄ፦ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነኝ። የጥገና ክፍሉ የሺም ግዢ ሲጠይቅ የሚያቀርበው ዝርዝር በየጊዜው ይለያያል። በመደርደሪያ ላይ ሁልጊዜ መኖር ያለበት የትኛው ነው? ከማሽን ሥር የወጣውንስ መልሰን እናስቀምጥ ወይስ እንጣል?

መልስ፦ ተዘጋጅተው የሚሸጡ ሺሞች በብዛት ካሬ ሆነው 50፣ 75፣ 100 እና 125 ሚሊሜትር ጎን አላቸው። ባለ 50 ሚሊሜትሩ እስከ 12 ሚሊሜትር ብሎን፣ ባለ 75ቱ እስከ 20፣ ባለ 100ው እስከ 30 ሚሊሜትር ብሎን ላላቸው እግሮች ይሆናል። በፋብሪካው ያሉትን ሞተሮች የብሎን ውፍረት ከጥገና ክፍሉ ጋር አንድ ጊዜ ብትመዘግቡ የትኛው መጠን በብዛት እንደሚያስፈልግ ራሱ መዝገቡ ይነግራችኋል። በውፍረት በኩል 0.05፣ 0.10፣ 0.20፣ 0.25፣ 0.40፣ 0.50፣ 0.70፣ 1.00 እና 2.00 ሚሊሜትር ካሉ፣ ከሦስት ባልበለጡ ሺሞች በተግባር የሚፈለገውን ልክ ሁሉ ለማለት በሚቻል ደረጃ ማግኘት ይቻላል። ቶሎ የሚያልቁት ስሶቹ ስለሆኑ ከእነርሱ በዛ ያለ ይያዝ። ከማሽን ሥር የወጣ ሺም ካልታጠፈ፣ የብሎን ጥርስ ካልነከሰውና በማይክሮሜትር ሲለካ ወጥ ከሆነ ተጠርጎ ሊመለስ ይችላል፤ ከ0.20 በታች የሆኑትን ግን አስወግዷቸው፤ ለቁጠባ ተብሎ የተጨማደደ ስስ ሺም መልሶ ማስገባት ከዋጋው የበለጠ ያስከፍላል።

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር የሜካኒካል ምሕንድስና ተማሪ ነኝ። በተግባር ልምምድ ላይ በነበርኩበት ቦታ የሌዘር መሣሪያ ስለሌለ አላይመንት የሚሠራው በዳያል ጌጅ ነው። ንባቡ ከተወሰደ በኋላ ግን ሠራተኞቹ የሺሙን ውፍረት በግምት እያስገቡ፣ እየለኩና እያወጡ ግማሽ ቀን ይፈጅባቸዋል። በሒሳብ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም?

መልስ፦ ይቻላል፤ የሚያስፈልገውም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚያውቀው የተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖች ሒሳብ ብቻ ነው። ሌዘሩም ቢሆን በውስጡ የሚሠራው ይህንኑ ነው።

ፓምፑ የማይነካ፣ ሞተሩ የሚስተካከል እንደሆነ እናስብ። በካፕሊንጉ ፊት ለፊት ያለው ክፍተት ከላይ ከታቹ በ0.10 ሚሊሜትር የሰፋ ነው እንበል፤ ክፍተቱ የተለካበት የካፕሊንግ ዲያሜትር 200 ሚሊሜትር ነው። ከላይ መስፋቱ የሞተሩ የኋላ ክፍል ወደ ታች ማዘንበሉን ያሳያል። ከካፕሊንጉ እስከ ሞተሩ የፊት እግር 300፣ እስከ ኋላ እግር 900 ሚሊሜትር ርቀት ቢኖር፣ 0.10 ለ200 ተካፍሎ በ300 ሲባዛ 0.15፣ በ900 ሲባዛ 0.45 ሚሊሜትር ይሆናል። ማዘንበሉን ለማቃናት የፊት እግሮች በ0.15፣ የኋላዎቹ በ0.45 መነሳት አለባቸው። በዚህ ላይ የሞተሩ ዘንግ ማዕከል ካፕሊንጉ ላይ ከፓምፑ ዘንግ በታች ከሆነ ያ ይጨመራል። በካፕሊንጉ ዙሪያ ዳያሉ ከላይ እስከ ታች ያሳየው ጠቅላላ ልዩነት 0.40 ከሆነ የማዕከሉ ልዩነት ግማሹ፣ ማለትም 0.20 ነው፤ ይህን ግማሽ ማድረግ መርሳት በጀማሪዎች ዘንድ የተለመደ ስሕተት ነው። ስለዚህ የፊት እግሮች 0.35፣ የኋላ እግሮች 0.65 ሚሊሜትር ሺም ይፈልጋሉ።

ሒሳቡ የሚታመነው ግን ንባቡ የሚታመን ሲሆን ነው። ከላይና ከታች የተነበቡት ሁለቱ ቁጥሮች ሲደመሩ ከግራና ከቀኝ ከተነበቡት ድምር ጋር መቀራረብ አለባቸው፤ ካልተቀራረቡ ዳያሉ ተንሸራትቷል ወይም የያዘው ክንድ ልል ነው። ክንዱ ረጅም ከሆነ ደግሞ በራሱ ክብደት ስለሚረግብ፣ በአንድ ጠንካራ ቱቦ ላይ ታስሮ ከላይ ወደ ታች ሲዞር የሚያሳየው የርግበት ልክ አስቀድሞ ተመዝግቦ ከንባቡ ላይ መታረም ይኖርበታል።

በመማሪያ መጻሕፍት ተጠቅሶ በየፋብሪካው ግን ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የሙቀት ጉዳይ ነው። ማሽኑ ሲስተካከል ቀዝቃዛ ነው፤ ሲሠራ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ቁመቱ ይጨምራል። የሞተሩ የፍሬም ቁጥር 280 ከሆነ ከእግሩ እስከ ዘንጉ ማዕከል ያለው ከፍታ 280 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። የሞተር አካል የሚሠራበት ብረት አንድ ሜትሩ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ 0.011 ሚሊሜትር ያህል ስለሚረዝም፣ ሞተሩ ከተስተካከለበት ጊዜ ይልቅ በ40 ዲግሪ ቢሞቅ ዘንጉ በ0.12 ሚሊሜትር ከፍ ይላል። ከጣና ቀዝቃዛ ውሃ የሚስብ ፓምፕ ግን ከሞላ ጎደል ባለበት ይቆያል። እንግዲህ ሞተሩ በቀዝቃዛው ጊዜ በዚያው መጠን ዝቅ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ 0.35 የነበረው 0.23፣ 0.65 የነበረው 0.53 ይሆናል ማለት ነው። በገበያ ባሉት ሺሞች ከፊት አንድ ባለ 0.25፣ ከኋላ ባለ 0.50 እና ባለ 0.05 ብናስገባ በሁለቱም በኩል 0.02 ሚሊሜትር ብቻ እንበልጣለን፤ በደቂቃ 1500 ዙር ለሚዞር ማሽን የማዕከል ልዩነቱ በጥቅሉ ከ0.10 በታች እንዲሆን ስለሚፈለግ ይህ የሚያሳስብ አይደለም።

እዚህ ላይ የባሕር ዳርን ከፍታ ማሰብ ይገባል። የኤሌክትሪክ ሞተሮች በስም ሰሌዳቸው ላይ የሰፈረው ኃይል በተለምዶ የተሰላው ከባሕር ወለል በላይ እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ነው። ባሕር ዳር 1800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየር ከሞተሩ አካል ላይ የሚወስደው ሙቀት አነስተኛ ነው፤ ሙሉ ጭነት የሚሸከም ሞተር እዚህ ከመመሪያው ግምት የበለጠ ሊሞቅ ይችላል። ስለሆነም የሙቀት ጭማሪውን ከመመሪያ ላይ ከመቅዳት ይልቅ ሞተሩ ጥቂት ሰዓታት ከሠራ በኋላ ከእግሩ እስከ ዘንጉ ባለው የአካሉ ክፍል ላይ በቴርሞሜትር መለካትና አማካዩን መውሰድ የተሻለ ነው።

ጥያቄ፦ በሐይቁ ዳር ለመስኖ ውሃ የሚስብ ፓምፕ እንቆጣጠራለን። ፓምፑና ሞተሩ በትክክል ተስተካክለው፣ ቧንቧው ሲታሰር ግን ልኩ ይጠፋል። ቧንቧው ከታሰረ በኋላ ሺም ጨምረን ልናስተካክለው ሞክረን ነበር፤ ጥቂት ሳምንታት ሠርቶ እንደገና መንቀጥቀጥ ጀመረ። የተሻለ ሺም ይኖር ይሆን?

መልስ፦ ሺሙን ይተዉት፤ ችግሩ ያለው ከቧንቧው ነው። የቧንቧው ፍላንጅ፣ ማለትም በብሎን የሚታሰረው ክብ ከንፈሩ፣ ከፓምፑ ፍላንጅ ጋር ሳይገጥም በብሎን ተስቦ ሲገናኝ ፓምፑ በዚያው ኃይል ይጣመማል። ይህን ለማረጋገጥ ዳያል ጌጅ በካፕሊንጉ ላይ አንዱን በቁም፣ ሌላውን በአግድም አሳርፈው የፍላንጁን ብሎኖች አንድ በአንድ እያጠበቁ መርፌውን ይመልከቱ። ዘንጉ ከ0.05 ሚሊሜትር በላይ ከተንቀሳቀሰ ቧንቧው ተቆርጦ በልኩ መበየድ አለበት፤ በክሪክ ወይም በሰንሰለት እየተጎተተ እንዲገጥም ማድረግ መፍትሔ አይደለም። ክብደቱም ቀላል አይምሰላችሁ፤ ውስጡ 200 ሚሊሜትር ዲያሜትር ያለው ቧንቧ በአንድ ሜትር 31 ኪሎ ያህል ውሃ ይይዛል፤ 6 ሜትሩ ያለ ድጋፍ ቢንጠለጠል ከብረቱ ክብደት ሌላ ወደ 190 ኪሎ የሚጠጋ ውሃ ፓምፑ ላይ ይንጠለጠላል። የሐይቁ ውሃ ከክረምት በኋላ ከፍ፣ በበጋው መጨረሻ ዝቅ ስለሚል የመሳቢያ ቧንቧውን በየወቅቱ የምታዛውሩ ከሆነ፣ ድጋፉም አብሮ የሚዛወር መሆን ይኖርበታል። ከቧንቧው ጋር ታግሎ የገባው ሺም የጠፋውን ልክ የመለሰ ቢመስልም፣ ፓምፑን በተጣመመበት ቅርጽ አስሮ የሚያስቀምጥ ነው።

ጥያቄ፦ በወረታ የሩዝ መፈልፈያ አለኝ። ማሽኑ ከሞተሩ ጋር በቺንጊያ የተያያዘ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር መቀመጫው ስለሚዛነፍ ቺንጊያው ከፑሌጃው እየወጣ ያስቸግራል። ሠራተኞቼ ሐምሌ ላይ ሺም ያስገባሉ፣ ጥር ላይ ያወጣሉ። ዘላቂ የሚሆን የሺም ዓይነት አለ?

መልስ፦ የለም። እርስዎ የገለጹት በወቅት የሚሄድና የሚመለስ መዛነፍ የመሠረቱ እንጂ የማሽኑ እግር ችግር አይደለም። የፎገራ ሜዳ ጥቁር ዋልካ አፈር ውሃ ሲጠግብ ያብጣል፣ በበጋ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ በላዩ ያረፈ ጥልቀት የሌለው ኮንክሪት አብሮት ይነሳል፣ አብሮት ይወርዳል። ሁለት ነገሮችን መለየት ይጠቅማል። ከማሽኑ እግር ሥር የሚገባው ሺም በሚሊሜትር መቶኛ የሚቆጠር ልዩነትን ለመሙላት ነው። በብረት መቀመጫውና በኮንክሪቱ መካከል የሚገባው ወፍራም ብረትና ሽብልቅ ግን መቀመጫውን በውሃ ልክ ለማስተካከል ሲሆን፣ ከየመልሕቅ ብሎኑ ግራና ቀኝ ተቀምጦ ቦታው በማይኮማተር ግራውት (ፈስሶ በሚጠነክር የሲሚንቶ ውህድ) ይሞላል፤ ክብደቱን የሚሸከመውም ግራውቱ ነው። በመቀመጫው ሥር ግራውት ሳይሞላ በሽብልቅ ላይ ብቻ የቆመ ማሽን በሽብልቆቹ መካከል ይረግባል።

ለእርስዎ ቦታ የምንመክረው አዲስ መሠረት ነው። ዋልካው ውሃ ሲነካው ከሚያብጥበት ጥልቀት በታች ድረስ ይቆፈርና ወጥቶ በተመረጠ ገረጋንቲ ይተካ፤ በየንብርብሩም ይጠቅጠቅ። የኮንክሪቱ ክብደት ለሚሽከረከር ማሽን የማሽኑን ሦስት እጥፍ፣ እንደ ዲዝል ሞተር ፒስተን ላለው ደግሞ አምስት እጥፍ ያህል እንዲሆን በተለምዶ ይመከራል። ሞተሩና መፈልፈያው በአንድ መሠረት ላይ ይቀመጡ፤ በተለያዩ ሁለት መሠረቶች ላይ ካሉ አፈሩ ለየብቻ ያንቀሳቅሳቸዋል። የጣሪያው ውሃም ከመሠረቱ ርቆ በቦይ ይወገድ፤ ይህ የመጨረሻው ወጪው አነስተኛ ስለሆነ ሌላው እስኪሠራ ድረስ ዛሬውኑ ሊጀመር የሚችል ነው። ኮንክሪቱ ከተፈሰሰ በኋላ ሙሉ ጥንካሬውን ለማግኘት 28 ቀናት ያስፈልጉታል፤ በቺንጊያ ለሚሠራ ማሽን ከዚያ በኋላ የሚቀረው የሁለቱን ፑሌጃዎች ፊት በተወጠረ ክር ማስተካከልና የሞተሩን አራት እግሮች መፈተሽ ነው።

ጥያቄ፦ በጎርጎራ ሞተሩ በውስጡ የተተከለ የብረት ጀልባ አለኝ። ለጥገና ወደ የብስ አውጥተን ሞተሩንና የፕሮፔለሩን ዘንግ በጥንቃቄ በሺም አስተካከልን። ውሃ ላይ ሲወርድ ግን እንደ ቀድሞው ይንቀጠቀጣል። ሺሙ በርጥበት ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ሺሙ አይዝጌ ከሆነ በጣና ጨው አልባ ውሃ በዚህ ፍጥነት አይበላሽም። ጀልባው በየብስ ላይ በጥቂት ድጋፎች ሲቆምና በውሃ ላይ ሲንሳፈፍ ቅርጹ አንድ አይደለም፤ የብረት ጀልባም ቢሆን በተወሰነ መጠን ይለጠጣል። ስለዚህ በየብስ የሚሠራው ሻካራው ልክ ብቻ ይሁን፤ የመጨረሻው ልኬት ጀልባው ውሃ ላይ ውሎ አድሮ፣ ነዳጁና የተለመደው ጭነቱ በቦታው እያለ ይወሰድ።

ሞተሩንና የፕሮፔለሩን ዘንግ የሚያገናኘውን ካፕሊንግ ብሎኖች ፈትተው ሁለቱን ፍላንጆቹን አቀራርበው በዙሪያቸው በአራት ቦታ በፊለር ጌጅ ይለኩ። ለዚህ ዓይነት ካፕሊንግ የተለመደው ገደብ ለእያንዳንዱ 100 ሚሊሜትር የፍላንጅ ዲያሜትር 0.10 ሚሊሜትር ነው፤ ፍላንጁ 150 ሚሊሜትር ከሆነ በሰፊውና በጠባቡ መካከል ያለው ልዩነት ከ0.15 መብለጥ የለበትም። ቀጥሎ የፕሮፔለሩን ዘንግ ሩብ ዙር አዙረው እንደገና ይለኩ። ሰፊው ክፍተት በነበረበት አቅጣጫ ከቆየ ሞተሩ ነው ያልተስተካከለው፤ ከዘንጉ ጋር አብሮ ከዞረ ግን ዘንጉ ወይም ፍላንጁ የተጣመመ ስለሆነ ወደ ቶርኖ ቤት መሄድ ያለበት እርሱ ነው፤ ምንም ዓይነት ሺም አያቃናውም። በሚለካበት ጊዜ ከመጨረሻው ድጋፍ እስከ ፍላንጁ ያለው የዘንግ ክፍል በራሱ ክብደት እንዳይረግብ ከሥሩ ደገፍ ይደረግለት። ሞተሩ የቆመው በጎማ መቀመጫዎች ላይ ከሆነ ከፍታው የሚስተካከለው በራሳቸው በመቀመጫዎቹ ዳዶ ነው፤ ሺም የሚገባው የዳዶው ጥርስ ሲያልቅ ብቻ ሲሆን፣ ያም አንድ ወፍራም ብረት ይሁን እንጂ የስስ ሺም ክምር አይሁን። ጎማዎቹ አዲስ ከሆኑ በሞተሩ ክብደት ትንሽ ስለሚወርዱ፣ ጥቂት ሰዓታት ከተሠራባቸው በኋላ ልኬቱ መደገም ይኖርበታል።